የሄፓሪን መንጋ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ደም ነው፤ የምነሳው ግን ከዚሁ ከኩልፎ ነው። ከጉጌ ተራሮች ወርዶ፣ አርባ ምንጭን ነክቶ፣ በነጭ ሳር ደን ውስጥ ተሽሎክሉኮ ጫሞ የሚገባውን ወንዝ መቼም ለእናንተ አልነግርም። ከብት ውሃ የሚያጠጣ እረኛ ሁሉ አልቅትን ያውቃታል። ከላሟ አፍ ፈልቅቆ ሲያወጣት ደሙ እሺ ብሎ አይቆምም። አልቅቷ ሄዳለች፤ ምራቋ ግን ሥራውን አልጨረሰም።

እ.ኤ.አ. በ1884 ጆን ሄይክራፍት የተባለ ብሪታኒያዊ ተመራማሪ ነገሩን በሙከራ አረጋገጠ፤ አልቅት ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ነገር አላት። ኋላ ሂሩዲን ተባለ። በ1924 ጀርመናዊው ሐኪም ጌኦርግ ሃስ ጊሰን ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን የኩላሊት እጥበት በሰው ላይ ሲሞክር፣ ደሙ ቱቦ ውስጥ እንዳይረጋበት የተጠቀመው በዚሁ በአልቅት መድኃኒት ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ግን አልቅቷን ተዋትና ደም እንዳይረጋ ወደሚያደርገው ሌላ መድኃኒት፣ ወደ ሄፓሪን ዞረ።

ሄፓሪንስ ከየት መጣ? በ1916 ጄይ ማክሊን የሚባል የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ተማሪ የውሻ ጉበት ሲመረምር አገኘው። ከዚያ ወዲህ ከበሬ ሳንባ ተመረተ፤ ዛሬ አብዛኛው የሚወጣው ከአሳማ አንጀት የውስጥ ልባስ ነው። አዎ፣ ከአሳማ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ በማይቀምስበት አገር ይህንን ለታማሚው ቀድሞ መንገር ይገባል ባይ ነኝ። የጨነቀው ሰው አማራጭ ይጠይቅ፣ አባቱን ወይም ሼኩን ያማክር፤ ከተወጋ በኋላ መስማት ግን ደግ አይደለም።

አሁን ሄፓሪን ስንት እንደሚመዝን እንይ። ሞለኪውል የሚመዘነው በዳልተን ነው፤ አንዲት የሃይድሮጅን አቶም አንድ ዳልተን ያህል ትመዝናለች። የአልቅቷ ሂሩዲን 7,000 ዳልተን ገደማ ነው፤ አንዱን ካወቃችሁ ሁሉንም አወቃችሁ። ሄፓሪን ግን እንዲህ አይደለም። የስኳር ሰንሰለት ነው፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ ከ3,000 እስከ 30,000 ዳልተን ድረስ የተቀላቀለ መንጋ። «ክብደቱ ስንት ነው?» ብትሉኝ አማካዩን እነግራችኋለሁ፤ አማካይ ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል።

ታዲያ መንጋ እንዴት ይመዘናል? ከደጋ ወደ ኩልፎ የሚወርዱ ከብቶችን አስቡ። በሬው ቁጥቋጦ ውስጥ ስለማይገባ መንገዱን ይዞ ቀጥ ብሎ ውሃው ላይ ይደርሳል። ፍየሏ ግን ያገኘችው ስርቻ ሁሉ ስትገባ ስትወጣ ኋላ ትቀራለች። በቤተ ሙከራውም እንዲሁ ነው። ኮለም የሚሉት ቀጭን ቱቦ ውስጥ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያላቸው ደቃቅ እንክብሎች ታጭቀዋል። መድኃኒቱ በፈሳሽ ተገፍቶ ሲያልፍ ትልልቁ ሰንሰለት ቀዳዳው አይበቃውምና ቀድሞ ይወጣል፤ ትንንሹ በየቀዳዳው እየገባ ይዘገያል። ጫፍ ላይ ያለው መሣሪያ የሚወጣውን ይከታተልና ስክሪኑ ላይ አንድ ጉብታ ይስላል። ባለሙያው ክብደቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና አሳልፎ ስለነበር፣ ከጉብታው ላይ የቱ ጋ ስንት ዳልተን እንደሆነ ያነብባል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሄፓሪን ትሮምቢን የሚባለውን ደም አርጊ ለመያዝ ሰንሰለቱ ቢያንስ 18 ስኳር መሆን አለበት፤ 5,400 ዳልተን ያህል። ከዚያ ያጠረው ሌላ አርጊ ይይዛል እንጂ ትሮምቢንን አያስቆምም። ሄፓሪንን ሆን ብለው ቆራርጠው የሚሠሩት ኢኖክሳፓሪን አማካዩ 4,500 ዳልተን አካባቢ ነው፤ ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ የሚጠነቀቁትም ለዚህ ነው። የሰንሰለቱ ርዝመት ይህን ሁሉ ስለሚወስን የአሜሪካ የመድኃኒት መስፈርት ለኢኖክሳፓሪን አማካዩን ብቻ አይጠይቅም፤ ከ2,000 ዳልተን በታች ያለው ከ12 እስከ 20 በመቶ፣ ከ8,000 በላይ ያለው ከ18 በመቶ ያልበለጠ ይሁን ይላል።

አሁን ክፉውን ልንገራችሁ። እኛ ሚሊኒየማችንን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም.፣ በገና ሰሞን፣ ከአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ወሬ ተሰማ፤ ኩላሊታቸው የሚታጠብላቸው ሕፃናት ፊታቸው ያብጣል፣ የደም ግፊታቸው ይወርዳል። ሲጣራ ጣጣው ባክስተር የተባለው ኩባንያ ይሸጠው በነበረው ሄፓሪን ውስጥ ተገኘ፤ ጥሬ ዕቃው የመጣው ከቻይና ነው። ቀደም ሲል የአሳማ በሽታ እዚያ ገብቶ የአንጀቱ ዋጋ ንሮ ነበርና፣ አንድ ሰው ከእንስሳት ለስላሳ አጥንት የሚወጣ ሌላ ሰንሰለት በሰልፌት አክሞ ቀላቀለበት። ተንኮሉን ተመልከቱ! ክብደቱ ከሄፓሪን ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ደም እንዳይረጋም በመጠኑ ያደርጋል። የረጋ አልረጋም ፈተናውን አለፈ፤ በክብደት ቢመዘንም ከመንጋው አይለይም ነበር። ከአለርጂ ምልክት ጋር ለአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት የተደረገው ሞት 81 ደረሰ። በመጨረሻ ያጋለጠው ሰንሰለቱ ከምን እንደተሠራ የሚያሳየው ኤንኤምአር የተባለው ምርመራ ነው።

ከዚያ በኋላ የሄፓሪን መስፈርት ተከለሰ። መጀመሪያ ማንነቱን የሚለዩት ምርመራዎች ገቡ፤ ቆየት ብሎ ክብደቱም በቁጥር ታጠረ። አማካዩ ከ15,000 እስከ 19,000 ዳልተን፣ ከ24,000 በላይ የሆነው ከ20 በመቶ ያልበለጠ። እኔ ብጠየቅ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው እላለሁ፤ ማንነቱ ያልታወቀ ነገር ክብደቱ ቢታወቅ ምን ይረባል?

«የእኛ በሬስ? ሳንባውም አንጀቱም እዚሁ ቄራ አለ!» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጥያቄው የዋህ አይደለም። አሜሪካ የበሬ ሄፓሪንን የተወችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የእብድ ላም በሽታን ፈርታ ነው፤ አሁን ደግሞ ሁሉን በአንድ አገር አሳማ ላይ መጣል አስግቷት ተመልሶ እንዲመጣ ስታበረታታ ቆይታለች። ችግሩ የበሬው ሄፓሪን በሚሊግራም ሲለካ ከአሳማው ያነሰ ኃይል ያለው መሆኑ ነው። ብራዚል ውስጥ ሁለቱም እንደ አንድ መድኃኒት ሲሰጡ ቆይተው፣ በኋላ የበሬው ለብቻ፣ የአሳማው ለብቻ መስፈርት ወጣላቸው።