የማሪየንታል ሥራ አጦች

የሰው የአእምሮ ጤንነት በቤተሰቡ፣ በሥራውና በአካባቢው ሁኔታ እንደሚነካ ዛሬ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ያውቃል። ይሁን እንጂ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሲናጉ በሰው ላይ የሚደርሰውን በቅርብ ተከታትለው ከመዘገቡት ቀደምት ጥናቶች መካከል ስመ ጥር የሆነው የተካሄደው በሆስፒታል ውስጥ አልነበረም። የተካሄደው ከቪየና በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ማሪየንታል በተባለች የኦስትሪያ የፋብሪካ መንደር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪየንታል የተመሠረተችው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዙሪያ ሲሆን፣ የነዋሪው እንጀራም ሆነ ማኅበራዊ ኑሮው ከዚያው ፋብሪካ ጋር የተሳሰረ ነበር። ፋብሪካው ከ1929 አጋማሽ ጀምሮ ክፍል በክፍል እየተዘጋ ሄዶ በ1930 መጀመሪያ ላይ ሥራውን ፈጽሞ አቆመ። በመንደሩ ከነበሩት 478 ቤተሰቦች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚተዳደሩት በሥራ አጥነት ድጎማ ሆነ። ድጎማውም የጊዜ ገደብ ነበረው።

በ1931 መገባደጃ ላይ ጥናቱን የጀመሩት ከቪየና የመጡ ወጣት ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል ፖል ላዛርስፌልድ፣ ማሪ ያሆዳና ሃንስ ዛይዝል ይገኙበታል። ላዛርስፌልድ በመጀመሪያ ያሰበው ሠራተኞች የእረፍት ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ለማጥናት ነበር። የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ኦቶ ባወር ግን ይህን ያህል ሕዝብ ሥራ አጥቶ ባለበት ወቅት ስለ እረፍት መመራመር ተገቢ አለመሆኑን ነግሮ፣ ሥራ አጥነትን እንዲያጠና መከረው። ተመራማሪዎቹም ማንም ሰው ወደ መንደሩ ለመታዘብ ብቻ እንዳይገባ ደንብ አወጡ፤ እያንዳንዱ ለነዋሪው የሚጠቅም ነገር ይዞ መግባት ነበረበት። በመሆኑም ከቪየና ልብስ ተሰብስቦ ታደለ፣ የልብስ ቅድ ትምህርት ተሰጠ፣ ሐኪሞችም በነፃ ምርመራ ያደርጉ ነበር። በመጠይቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሊገለጥ የማይችል ብዙ ነገር የታወቀው ሰዎች ለእነዚህ አገልግሎቶች በመጡበት አጋጣሚ ነው።

በጊዜው ብዙዎች ሥራ ያጣ ሕዝብ ያምፃል ብለው ይጠብቁ ነበር። በማሪየንታል የታየው ግን ዝምታ ነው። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የኪራይ ክፍያውን ቢያስቀርም፣ የውሰት መጻሕፍት ቁጥር ከ1929 እስከ 1931 ባለው ጊዜ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የማንበቢያ ጊዜው ተትረፍርፎ ሳለ የማንበብ ፍላጎቱ ጠፋ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በዋናው መንገድ የሚያልፉትን ሰዎች ሲቆጥሩ፣ ከወንዶቹ ሁለት ሦስተኛው በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲቆሙ፣ ሳይቆም መንገዱን የጨረሰው ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም። አብዛኞቹ ወንዶች የእጅ ሰዓት ማሰር ትተው ነበር። የቀን ውሎአቸውን በየሰዓቱ እንዲጽፉ ሲጠየቁም፣ በመኝታና በምግብ ሰዓት መካከል ያለውን ጊዜ በምን እንዳሳለፉት ማስታወስ ተሳናቸው።

የሴቶቹ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነበር። ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ መጣፉ፣ የጎደለውን ማብቃቃቱ ቀናቸውን ይሞላው ስለነበር በመንገድ ላይ የሚራመዱትም ከወንዶቹ ፈጥነው ነው። አማርኛችን «ሥራ ፈት» እና «ሥራ አጥ» ብሎ የሚለያቸው ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ጠቃሚ ናቸው፤ የመጀመሪያው ጠባይን ይወቅሳል፣ ሁለተኛው ማጣትን ይናገራል። የማሪየንታል ሴቶች ደመወዛቸውን አጡ እንጂ ሥራ አልፈቱም። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ ወደ ፋብሪካው መመለስን ይመኙ ነበር፤ ምክንያታቸውም ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሕፃናቱም ቢሆኑ ከጫናው አላመለጡም። ለገና በዓል የሚመኙትን ስጦታ እንዲጽፉ በተደረገ ጊዜ፣ የማሪየንታል ልጆች የተመኙት በዋጋ ሲተመን የአጎራባች መንደሮች ልጆች ከተመኙት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር።

በቅርብ ከተጠኑት 100 ቤተሰቦች 16ቱ መንፈሳቸው ያልተሰበረ፣ 48ቱ ለዕድላቸው እጅ የሰጡ፣ 11ዱ ተስፋ የቆረጡ፣ 25ቱ ደግሞ ለማንኛውም ነገር ግድ ያጡ ተብለው ተመደቡ። እነዚህ የሕክምና ምርመራ ውጤቶች እንዳልሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቡድኖቹ ከገቢ ጋር ሲነጻጸሩ ግን የታየው ቅደም ተከተል አስደናቂ ነው፤ ለአንድ አዋቂ ሰው ተሰልቶ የሚደርሰው የወር ገቢ በተራ 34፣ 30፣ 25 እና 19 ሺሊንግ ሆነ። በሁለት ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት አምስት ሺሊንግ አካባቢ ብቻ ነው። ይህም የልጅን ጫማ ለማስጠገን ወይም በሳካሪን ፈንታ ስኳር ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ነበር።

የጥናቱ ሳይንሳዊ ጥንካሬ ከራሱ ከፋብሪካው መዘጋት የመነጨ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ታሞ ሲገኝ፣ ሥራ ማጣቱ አሳመመው ወይስ ሕመሙ ከሥራ አስወጣው የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። በማሪየንታል ግን ጤነኛውም ሕመምተኛውም፣ ታታሪውም ሰነፉም በአንድነት ከሥራ ወጣ።

መጽሐፉ በ1933 ሲታተም በጊዜው በነበረው አደጋ ምክንያት የጸሐፊዎቹ ስም በሽፋኑ ላይ አልወጣም። ያሆዳ በ1936 በኦስትሪያ መንግሥት ታስራ፣ በ1937 አገር ለቃ እንድትወጣ ተለቀቀችና ወደ እንግሊዝ ሄደች። በኋለኛ ዘመኗ ሥራ ከደመወዝ ሌላ አምስት ነገር እንደሚሰጥ አስተማረች፦ የጊዜ ሥርዓት፣ ከቤተሰብ ውጪ ካሉ ሰዎች ጋር መገናኘት፣ የጋራ ዓላማ፣ ማኅበራዊ ማዕረግና ዘወትራዊ እንቅስቃሴ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ፍራየር ግን ዋናው ጉዳት ድህነት ነው፣ ድህነት ሰው ነገን እንዳያቅድ እጁን ያስረዋል ሲል ተከራክሯታል። የአምስት ሺሊንጉ ነገር ፍራየርን ሲደግፍ፣ ሳይወሰዱ የቀሩት የነፃ መጻሕፍት ያሆዳን ይደግፋሉ። በ2009 የታተመ፣ ከሦስት መቶ በላይ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና የሥነ ልቦና ችግር ያለባቸው ከሥራ አጦች መካከል 34 በመቶ፣ ሥራ ካላቸው መካከል ደግሞ 16 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ማሪየንታል የምትገኝበት የግራማትኖይዚድል ማዘጋጃ ቤት ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና የጥናት ስፍራ ሆነ። የታችኛው ኦስትሪያ የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2020 በጀመረው ሙከራ፣ ለረዥም ጊዜ ሥራ አጥተው ለቆዩ የአካባቢው ነዋሪዎች ሁሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ እንደሚያገኙ ዋስትና ተሰጠ። ተሳታፊዎቹ ተራቸውን ከሚጠብቁት ጋር ሲነጻጸሩ ገቢያቸው፣ የጊዜ አጠቃቀማቸውና ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት ተሻሽሎ ተገኘ፤ በአካላዊ ጤንነታቸው ላይ ግን ለውጥ አልታየም።