የዜማው ቄስ ጆን ሄንሪ ሆፕኪንስ



የልደት በዓል ሲቃረብ በአሜሪካና በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ሦስት ሕፃናት የወረቀት ዘውድ ደፍተው የሚዘምሩት አንድ የሰብአ ሰገል መዝሙር አለ። ዘማሪው እጅግ ብዙ ነው፤ ግጥሙንም ዜማውንም የደረሱትን ሰው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ እኒህ ሰው ነው። ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጆን ሄንሪ ሆፕኪንስ በ1820 ዓ.ም. በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። በስም የሚሞክሿቸው አባታቸው፣ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተወለደችው የአሜሪካ ኤጲስቆጳላዊት ቤተ ክርስቲያን የቨርሞንት የመጀመሪያው ኤጲስ ቆጶስ ነበሩ። ልጅየው በ1839 ዓ.ም. ከቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁ በኋላ በቀጥታ ወደ ክህነት አልሄዱም። በ1850 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የሚገኘውን ጠቅላላ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ፈጽመው ዲያቆን ሆኑ። ቅስና የተቀበሉት ግን በ1872 ዓ.ም. ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ልማድ ዲያቆንነት ወደ ቅስና መሸጋገሪያ እንጂ 22 ዓመት የሚቀመጡበት ማዕርግ ስላልነበረ፣ ነገሩ ያስገርማል።

ይሁን እንጂ ያ ዘመን በከንቱ አለፈ ለማለት አይቻልም። በ1853 ዓ.ም. አንድ የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ መሥርተው እስከ 1868 ዓ.ም. አዘጋጁ። ከ1855 እስከ 1857 ዓ.ም. ደግሞ በተማሩበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የዜማ መምህር ሆነው ለክህነት የሚዘጋጁትን ወጣቶች አስተማሩ። የሰብአ ሰገልንም መዝሙር የደረሱት በ1857 ዓ.ም. ለልደት በዓል ትርኢት ነው።

የወንጌላዊው ማቴዎስ መጽሐፍ የሰብአ ሰገልን ቍጥር እንደማይናገር አድማጮቻችን ታውቃላችሁ። ሆፕኪንስ ግን በምዕራባውያን ልማድ ከሦስቱ እጅ መንሻዎች ተነሥተው ነገሥታቱን ሦስት አደረጉ። መግቢያውንና መደምደሚያውን ሦስቱ ባንድነት፣ መካከሉን ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው እንዲዘምር ደነገጉ፤ አንዱ ወርቁን ለንጉሥነቱ፣ ሁለተኛው ዕጣኑን ለአምላክነቱ፣ ሦስተኛው ከርቤውን ለሞቱ ያቀርባል። የጉዞው ክፍል በትካዜ ቃና ይሄድና ወደ አዝማቹ ሲደርስ ዜማው ወደ ደስታ ይለወጣል። ጥቂት ዘማሪ ብቻ ያላት ትንሽ አጥቢያ እንኳ ሦስት ድምፅ ብታገኝ ይበቃታል፤ አዝማቹን ምእመናኑ ይቀበላሉ። በልደት ደስታ መካከል በአንድ ሕፃን አፍ የጌታን መቃብር ማሰማት፣ በእኛ አስተያየት፣ የሙዚቀኛ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የሰባኪ ሥራ ነው። እኒህ ሰው ቅስና ሳይቀበሉ ከመሰበካቸው ስብከት ሁሉ ርቆ የሄደው ይህ ነው።

መዝሙሩ ከሌሎች ድርሰቶቻቸው ጋር በ1863 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታተመ።

ቅስና በተቀበሉ ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በጄኔቫ ከተማ የሥላሴ ደብር አስተዳዳሪ ሆኑ። በ1876 ዓ.ም. ወደ ፔንሲልቫኒያ ተዛውረው በዊልያምስፖርት የክርስቶስን ደብር እስከ 1887 ዓ.ም. አገለገሉ። ሚስት አላገቡም። በነሐሴ ወር 1891 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አስከሬናቸው ወደ ቨርሞንት ተወስዶ በበርሊንግተን ከአባታቸው መቃብር አጠገብ ዐረፈ።