ዓመቱን ትታችሁ ጠርዙን እዩ

ሆጤም ሆነ ሸርፍ ተራ፣ ደሴ ውስጥ የአሮጌ ቤት ሳጥን ሲገለበጥ ከታች ሳንቲም አይጠፋም። ፊቱ ተፍቆ ያለቀ ነው፤ ለልጅ መጫወቻ ይሰጣል ወይም ተመዝኖ ለብር ሠሪ ይሸጣል። አግኚው መጀመሪያ የሚፈልገው ዓመተ ምሕረቱን ነው። የአገራችን አሮጌ ገንዘብ ግን ዓመቱ ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ጠገራ ብር ሁሉ 1780 ይላል። በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ቪየና ግን ምስሉንም ዓመቱንም ሳትነካ መምታቷን ቀጠለች። ጣሊያን ለወረራው ስትሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምታቱን መብት ወስዳ ሮም ላይ መታችው። ለንደን ተከተለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይም ታከለች። ስለዚህ ባቲ ገበያ ላይ አንድ የሚመስሉ ሁለት ጠገራዎች ቢገኙ፣ አንደኛው ከጥንት የግመል ነጋዴ ጋር የወጣ፣ ሌላኛው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ከገባው የጣሊያን ጦር ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል። ለዐዋቂ ሰው የሚለያቸው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥና የንስሩ የጅራት ላባ ነው። አባቶቻችንም በዘዴው የተካኑ ነበሩ፤ የራስ ጌጧን ሉል ቆጥረው ነበር የሚቀበሉት። ጣሊያን በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ አስመስላ ያሠራችውን ብር ገበያው አልተቀበለውም።

የምኒልክ ብር ፓሪስ ተመታ፤ ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ አኃዝ ነው። አኃዙ ቢጠፋ እንኳ አንበሳው ይናገራል፦ በ፲፰፻፹፯ቱ ብር ግራ እግሩን፣ በ፲፰፻፺፪ቱና በ፲፰፻፺፭ቱ ቀኙን ያነሣል።

እኔን ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቡናማ 25 ሳንቲም ነው። ከነጻነት በኋላ የወጣው የኃይለ ሥላሴ ገንዘብ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል፣ ሳንቲሞቹ ሁሉ 1936 የሚል ዓመት ነበራቸው። ቀራጩ ጆን ሲኖክ፣ በኋላ የአሜሪካንን የሩዝቬልት አሥር ሳንቲም የሠራው ሰው ነው። 50 ሳንቲሙ ከመቶ ሰማንያው ንጹሕ ብር፣ 25ቱ ግን መዳብ ነበር፤ በመልክም በመጠንም ተቀራርበው ነበርና ብልጣ ብልጦች መዳቡን እያነጡ በ50 አሳለፉት። መንግሥት ክቡን 25 ሳንቲም ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ሞገድ ሞገድ ያለውን አወጣ። ዓመቱን ግን አልለወጠም! በሁለቱም ላይ 1936 ነው የተጻፈው። ክብ ሆኖ የቀረው ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ ሰብሳቢዎችም አብልጠው ይገዙታል። ጠርዛቸው ሞገድ የሆነውም እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ የአንዳንዱ ጠርዝ ሸካራ አቆራረጥ ያለው ሲሆን የሌላው ልሙጥ ነው። ይህን የሚለየው ዓይንና የጣት ጫፍ ነው።

ያገኙትን ሳንቲም በአመድና በሎሚ የሚፈትጉ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደማል። ፈተጋው የቀረችውን የፊደል ጠርዝ ይጨርሳታል፤ ሰብሳቢም የተፈተገ ሳንቲም አይወድም። በንጹሕ ውኃ አርሶ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ለሻጭ ዋጋው ይቀንስ ይሆናል፤ እኔ ግን ማንጠልጠያውን አላስነቅልም፣ የወሎ ሴቶች የለበሱት እንዲህ ነውና።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ቅርሶች ተዘርፈዋል። ስለዚህ በየሳጥኑ የቀረው የእኛ መዝገብ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎቹን ሚዛንና ካሜራ አስይዞ ሆጤን፣ ሰኞ ገበያንና ኮምቦልቻን ቢያዳርስ፣ ቤተሰቡ ንብረቱን ሳይለቅ ክብደቱ፣ ጠርዙና የአንበሳው እግር ቢመዘገብ፣ ወጪው ትንሽ ነው። ብር ሠሪው ደግሞ በየቀኑ እያቀለጠ ነው።