ስለ መጽሐፍ ውሰትና ስለ ፊልም ውሰት

የሰው ልጅ ያየውንና የሰማውን ለተከታዩ ትውልድ ለማቆየት ከጥንት ጀምሮ ሲደክም ኖሯል። ዛሬ በብዙ የውጭ አገር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳዲስ ፊልሞችና ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች እንደ መጽሐፍ በውሰት ይሰጣሉ። ይህ አሠራር ለአገራችን ምን ያህል እንግዳ እንደ ሆነ ለመመርመር፥ ከታሪክ ጥቂቱን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ነገሩን ከጋይንት እንጀምር። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ናት፤ የገበያ ቀኗን ስሟ ራሱ ይናገራል። በዚያው በጋይንት ምድር የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም ትገኛለች። በድጓው ላይ የሚታዩት የዜማ ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጁ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ይህን ስናስተውል አባቶቻችን ድምፅን በጽሕፈት ለመያዝ አስቀድመው ያሰቡ እንደ ነበሩ እንረዳለን። መጽሐፍ የሌለው ተማሪ ከመምህሩ ወይም ከባልንጀራው ተውሶ ይማራል፥ ይገለብጣልም። መጽሐፉ እንዳይጠፋም በመጨረሻው ገጽ፥ የሰረቀው ወይም ጽሕፈቱን የፋቀው የተወገዘ እንዲሆን ይጻፍበት ነበር። እንግዲህ ውሰትም፥ የውሰት ዋስትናም በዚህ አገር የቆየ ነገር ነው።

ሆኖም ውግዘት ብቻውን መጻሕፍትን አላዳነም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያከማቿቸው ብዙ መቶ የብራና መጻሕፍት በ1860 ዓ/ም በእንግሊዝ ጦር ተወስደዋል፤ የአገራችን ተመራማሪም የገዛ አገሩን ታሪክ ለማንበብ ወደ ሎንዶን ለመሄድ ተገዷል። ለሕዝብ የሚያገለግል ቤተ መጻሕፍት፥ ማለት በተለምዶ ወመዘክር የምንለው፥ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1936 ዓ/ም ነው። በ1968 ዓ/ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 50 በአገር ውስጥ ከሚታተመው ጽሑፍ ቅጂው ለዚሁ ቤት እንዲሰጥ ተደነገገ።

የሲኒማ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄዷል። የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ያሳዩት በ1888 ዓ/ም ነበር፤ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ይኸው ጥበብ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገባ። ሕዝቡ ግን የማይጨበጥ ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ በማየቱ ደንግጦ፥ የአዲስ አበባውን ማሳያ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ እየቀረ የሲኒማ ቤቱ ቁጥር በረከተ። በ1957 ዓ/ም ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ፤ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የአማርኛ ፊልምም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው።

በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ለትምህርት ቤትና ለማኅበር ያውሱ ነበር። የቪዲዮ ካሴት ሲመጣም ውሰቱ እስከ እያንዳንዱ ቤት ደረሰ። በእኛ አገር ግን ካሴቱን የያዘው ነጋዴው ነበር። ተበዳሪው መታወቂያውን በመያዣነት ትቶ ካሴት ይከራይ ነበር፤ በየገጠር ከተማውም ቪዲዮ ቤት ይከፈት ነበር። ቀጥሎ ሲዲ፥ ከሲዲም በኋላ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ተተካ። «ገመና»ን ወይም «ሰው ለሰው»ን ያመለጠው ተመልካች ከሱቅ ማስጫን ልማዱ ሆነ። ይህ አሠራር ፊልሙን በፍጥነት ያዳርሳል፤ ነገር ግን ደራሲውና ተዋናዩ የድካማቸውን ዋጋ አያገኙበትም፤ ከዚህም በላይ ነጋዴው ገበያ ያጣበትን ፊልም ለማቆየት ምንም ምክንያት የለውም።

የፊልም ዕድሜ ከብራና ዕድሜ እጅግ ያጠረ ነው። ብራና ብዙ መቶ ዓመት ይቆያል፤ የቀድሞው የናይትሬት ፊልም ግን በቀላሉ ይቃጠላል፥ የካሴቱ ክር በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ይበላሻል፥ ሲዲም ይጫራል። ስለዚህ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በቤልግሬድ ባደረገው ጉባኤ፥ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች የሕዝብ ቅርስ ሆነው እንዲጠበቁ መንግሥታትን አሳሰበ። በአገራችንም የ1996 ዓ/ሙ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410፥ ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት አንድን ሥራ ከጥፋት ለመጠበቅ በተወሰነ ሁኔታ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። የባለቤቱን መብት በማክበርና ሕዝቡን በማስተማር መካከል ሊታረቅ የማይችል ጠብ እንደሌለ ከዚህ እንገነዘባለን።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ አዲስ ፊልምና ድራማ ሲወጣ አንድ ቅጂው እንደ መጽሐፍ ሁሉ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተግባር እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፥ ለባለ መብቱ ተገቢው ዋጋ ተከፍሎ እንደ አርብ ገበያ ላሉት የወረዳ ከተሞች መምህራንና ተማሪዎች በውሰት እንዲደርስ መንገድ ማበጀት ነው። ዋና ከተማው ብቻ የሚያየው ፊልም የአገር ፊልም ሊባል አይገባውም።

የቤተልሔም ሊቃውንት ድጓውን ለትውልድ ያስተላለፉት ቆልፈውበት አይደለም፤ እያዋሱና እያስገለበጡ ነው እንጂ። ለተማሪ የተዋሰ መጽሐፍ በብዙ እጅ ስለ ተገለበጠ፥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ተርፏል። በፊልምም ረገድ ይህን ምሳሌ ብንከተል፥ የነገው ተመራማሪ የዛሬውን የኢትዮጵያ ሕዝብ አኗኗር፥ አነጋገርና አለባበስ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።