የውበት መርፌ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ከመወጋት በፊት የሚነሣ የደኅንነት ጥያቄ

ለውበት የሚሰጥ መርፌ ከሌላው ሕክምና የሚለየው ተገልጋዩ ጤነኛ ሆኖ በመምጣቱ ነው። በሽታን ለማዳን ሲባል የምንታገሠውን ጉዳት የፊትን መስመር ለማለስለስ ስንል ልንታገሠው አይገባም። በእኔ እምነት በደሴና በኮምቦልቻ የዚህ አገልግሎት ደኅንነት መመዘን ያለበት በወጊው እጅ ቅልጥፍና ብቻ አይደለም፤ ነገር ሲበላሽ ፈጥኖ የሚደርስ ሐኪም በመኖሩ ጭምር እንጂ።

ከንፈርና ጉንጭ ለመሙላት የሚወጋው ፊለር ደም ሥር ውስጥ ከገባ የደሙን መንገድ ይዘጋል። የአፍንጫና የግንባር ደም ሥሮች ከዓይን ደም ሥሮች ጋር ስለሚገናኙ መታወር ሊከተል ይችላል፤ የዓይን ሬቲና ደም ካጣ ጉዳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል። ፊለሩ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ከሆነ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለው ኢንዛይም ያሟሟዋል። ቆዳው እንደገረጣና ብርቱ ሕመም እንደተሰማ ከተሰጠ ቆዳን ያተርፋል፤ የጠፋ የዓይን ብርሃን ግን እምብዛም አይመለስም። ሲሊኮን ከሆነ ጭራሽ ማሟሟቻ የለውም። በአካባቢው በቆዳና በዓይን ሕክምና የታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያለው ከደሴ ወጣ ብሎ ነው። ኮምቦልቻ የተወጋች ሴት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ዳገት ወጥታ፣ ደሴን አልፋ እስክትደርስ ጊዜው ያልፍባታል። ማሟሟቻው እዚያው በእጁ የሌለ ሰው ፊለር መውጋት የለበትም።

የፊትን መስመር ለማለስለስ የሚወጋው ቦቶክስ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ብልቃጡ በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በሻንጣ ተይዞ የመጣ ብልቃጥ በመንገድ ላይ ምን እንዳገኘው የሚመሰክር የለም። በአሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 በ11 ግዛቶች 22 ሰዎች ሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ያልተያዘ ቦቶክስ ተወግተው መጎዳታቸው ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ዘገባ ደግሞ በኒው ሜክሲኮ ያለ ፈቃድ በሚሠራ የውበት ቤት የራሳቸውን ደም በጥቃቅን መርፌዎች ፊታቸው ላይ ያስወጉ ሴቶች በኤች አይ ቪ መያዛቸውን ገልጿል።

በአገራችን መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ይመራሉ። ቆዳ ውስጥ የሚገባ ነገር ከፊት ቅባት ጋር ሊቆጠር አይችልም፤ ስለዚህ የከተሞቹ የጤና ተቆጣጣሪዎች የውበት ሳሎኖችንም መርፌ ይዘው እንደሆነ ሊፈትሹ ይገባል። እኅቴ ሆይ፣ ከመወጋትሽ በፊት የወጊውን የሙያ ፈቃድ ጠይቂ፤ ብልቃጡም ዓይንሽ እያየ ይከፈት፤ ስሙንና የምርት ቁጥሩን ጽፈሽ ያዢ።