የዴአትኑ ወንዝ ዜና መዋዕል

በ70ኛው የሰሜን ኬክሮስ አቅራቢያ፣ ኖርዌይና ፊንላንድ በሚዋሰኑበት ምድር፣ ሳሚዎች ዴአትኑ፣ ኖርዌዮች ታና፣ ፊንላንዶችም ቴኖ ብለው የሚጠሩት ታላቅ ወንዝ ይፈሳል፤ አናርዮህካና ካራሽዮህካ የተባሉት ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ተነሥቶ ወደ ሰሜን በመውረድ ከባሬንትስ ባሕር ይገባል። ይህ ዜና የተጻፈው ወንዙን ከነገሥታት ሁሉ አስቀድመው ላወቁት፣ ሳሚ ለሚባሉት የሩቅ ሰሜን ነባር ሕዝቦች፣ ከእነርሱም ውስጥ ከዴአትኑ ግራና ቀኝ ሰፍረው በሳልሞን ዓሣ ለኖሩት ቤተሰቦች መታሰቢያ ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመዘገቡ ሲሆን፣ ወራቱ ግን አንባቢ በሚያውቃቸው የኢትዮጵያ ስሞች ተጠርተዋል።

በዚያ አገር ከኅዳር ሦስተኛ ሳምንት እስከ ጥር ሁለተኛ ሳምንት ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ በቀትር ጥቂት ሰማያዊ ወጋገን ይታያል፣ ሌሊትም ሰማዩ ሲጠራ የሰሜን ብርሃን የተባለው አረንጓዴ ነጸብራቅ እንደ መጋረጃ ይወዛወዛል። ወንዙ በወፍራም በረዶ ተሸፍኖ የተንሸራታች ጋሪ መንገድ ይሆናል። በግንቦት ወር በረዶው በነጎድጓድ ድምፅ ተሰነጣጥቆ፣ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ከዚያው ወር እስከ ሐምሌ ሦስተኛ ሳምንትም ፀሐይ ሌት ተቀን ሳትጠልቅ ስለምትቆይ፣ የበርች ዛፍ ቅጠል በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈንድቶ ሸለቆውን ያለብሰዋል። መስከረም ሲጠባ ያው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ በተራራው ላይ ያለው አጭር ቁጥቋጦም ይቀላል፤ ብዙም ሳይቆይ በረዶ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ወቅት ሥራውንና ምግቡን የደለደለ ፈጣሪ ለዚህም ብርዳም አገር ድርሻውን አልነፈገውም፤ ድርሻውም ሳልሞን ነው።

ሳልሞን በወንዝ ተወልዶ በባሕር የሚያድግ፣ ለመራባትም ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። እንስቲቱ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የወንዙን ጠጠር በጅራቷ ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ጫጩቱ በጸደይ ተፈልፍሎ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በወንዙ ይቆይና ወደ ባሕር ወርዶ ከአንድ እስከ አራት ክረምት ያሳልፋል። ሲመለስም ወደ ዴአትኑ ብቻ ሳይሆን ወደ ተወለደበት ገባር ወንዝ ስለሚያመራ፣ በዚህ አንድ ተፋሰስ ውስጥ በዘር የሚለያዩ ወደ 30 የሚጠጉ የሳልሞን ወገኖች እንዳሉ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ትላልቆቹ፣ በሐምሌ ደግሞ በባሕር አንድ ክረምት ብቻ የቆዩትና ሳሚዎች ዲዲ የሚሏቸው ትናንሾቹ ይደርሳሉ።

የወንዙም ሰዎች አጠማመዳቸውን ከዚሁ ሥርዐት ጋር አስማምተው ኖሩ። በረዶው እንደ ወረደ፣ ውኃው ገና ሞልቶ ሳለ፣ ጎልጋዳት የሚባለው ይከናወናል፤ ይህም ሁለት ሰዎች በጠባብና ረጅም የእንጨት ጀልባ ሆነው፣ አንዱ እየቀዘፈ ሌላው መረቡን እየጠበቀ፣ ከወራጁ ጋር አብረው የሚንሳፈፉበት አጠማመድ ነው። ውኃው ሲጎድል ደግሞ ቡኦዱ ይሠራል፤ ቡኦዱ ከበርች እንጨትና ቅርንጫፍ ከዳር ወደ መካከል የሚተከል አጥር ሲሆን፣ ሽቅብ የሚዋኘው ዓሣ አጥሩን ተከትሎ ጫፉ ላይ ከተዘረጋው መረብ ይገባል። የአጥሩ ቦታ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ አሸዋው በየዓመቱ ስለሚንሸራተት፣ ዘንድሮ ዓሣው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ ወንዙን ዕድሜ ልኩን ያየ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከሊቃውንት ዕውቀት ግን አያንስም።

ስለ ጥንቱ ዘመን የተረፈው ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ እርሱም የግብር ሰብሳቢዎች መዝገብ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የአካባቢው ሳሚዎች ለስዊድን፣ ለዴንማርክና ኖርዌይ እንዲሁም ለሩሲያ ነገሥታት ይገብሩ ነበር፤ አንዱ ሕዝብ ሦስት ጌታ ነበረው፣ ከሦስቱም ግን ወንዙን የሰጠው አልነበረም። ከ1611 እስከ 1613 በተደረገው የካልማር ጦርነት ማግስት ስዊድን በሰሜኑ የባሕር ጠረፍ ላይ የነበራትን የይገባኛል ጥያቄ ተወች። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የሚተረክ ነገር ትንሽ ነው፤ ሰዎቹ አጠመዱ፣ ገበሩ፣ ጸለዩ።

በ1751 ግን በመስከረም ወር፣ የዴንማርክና ኖርዌይ መንግሥት ከስዊድን ጋር በስትሮምስታድ ከተማ የድንበር ውል ተፈራረመ፤ በዚያም ውል ዴአትኑ ከመካከሉ ተከፍሎ፣ ምዕራባዊው ዳር ከካራሽዮህካ ጋር ለኖርዌይ፣ ኦህቼዮህካ የተባለው ምሥራቃዊው ወገን ለስዊድን ሆነ። የሰው ልጅ በምድር ላይ መስመር ያሰምራል፤ ፈጣሪ ግን ለዓሣው ድንበር አላስተማረውም። ይሁንና የሁለቱ ነገሥታት መልእክተኞች ስለ ሕዝቡ ማሰባቸው ሊመሰገን ይገባል፤ በውሉ ላይ 30 አንቀጾች ያሉት ተጨማሪ ሰነድ አያይዘው፣ ሳሚዎች በጸደይና በበልግ ከአጋዘኖቻቸው ጋር ድንበሩን እንደ ጥንቱ እንዲሻገሩ፣ በማዶውም ምድርና ዳርቻ እንዲጠቀሙ፣ ይህም መብት ነገሥታቱ በሚዋጉበት ጊዜ እንኳ እንዳይታጎል ደነገጉ። ሰነዱ ሳሚዎችን አንድ ሕዝብ አድርጎ በማየቱ፣ የልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ እንደ ታላቅ የመብት መዝገብ ይጠቅሱታል።

ቀጥሎ የመጡት ገዦች ይህን ያህል አላሰቡም። በ1809 ፊንላንድ ከስዊድን ተወስዳ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ገባች፤ በ1852ም ሩሲያ ድንበሩን ለአጋዘን አርቢዎች ዘጋች። በ1873 ስለ ወንዙ የሳልሞን አጠማመድ የመጀመሪያው የሁለት አገሮች ስምምነት ተደረገ፤ ከዚያም ወዲህ የአጠማመዱ ጊዜና መሣሪያ የሚወሰነው ከወንዙ እጅግ ርቀው በሚገኙ ዋና ከተሞች ሆነ። በኖርዌይ ወገን በመረብ የማጥመድ መብት በሸለቆው ኖረው በዓመት ቢያንስ 2000 ኪሎ ግራም ድርቆሽ ለሚያጭዱ ብቻ ተፈቀደ፤ በዓሣና በአጋዘን ለኖረ ሕዝብ መብቱን በሣር መስፈር ፍትሕ ነው ለማለት ያስቸግራል። በዚያው መቶ ዘመን ከእንግሊዝ የመጡ ባለጸጎች ለመዝናኛ በዘንግና በመንጠቆ ማጥመድ ጀመሩ፤ ከወራጁ ጋር ታግለው ጀልባቸውን ሽቅብ የሚያወጡላቸው ግን የአገሩ ሰዎች ነበሩ።

የወንዙም ስም በዓለም ተሰማ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሄንሪክ ሄንሪክሰን የተባለ ሰው 36 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳልሞን በመንጠቆ አወጣ፤ ከአትላንቲክ ሳልሞን ወገን በዘንግ ተይዞ ከተመዘገበው ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው። በ1944 በልግ ወደ ኋላ የሚሸሸው የጀርመን ጦር አገሩን ሲያቃጥል፣ ሕዝቡ ተሰደደ፣ ቤትና ጀልባ ዐመድ ሆነ፤ በካራሽዮህካ መንደር በ1807 የታነጸችው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ብቻ እሳቱ ሳይነካት ቆመች፣ ይህንም የእግዚአብሔር ቸርነት ያላለው የለም። ስደተኞቹ ሲመለሱ ወንዙን እንደ ተዉት አገኙት፤ በተሻሉት ዓመታትም የተፋሰሱ ምርት ከ200 ቶን በላይ ደረሰ።

አሁን የሚተረከው ድል ነው። በ2017 ኖርዌይና ፊንላንድ የአጠማመዱን ጫና በ30 በመቶ ገደማ ለመቀነስ አዲስ ስምምነት ሲያጸኑ፣ የሁለቱም አገሮች የሳሚ ምክር ቤቶች ሕዝቡ በሚገባ ሳይሰማ ተወሰነ ብለው ተቃወሙት፤ ትልቁ ቅነሳ የወረደው በመረቡና በአጥሩ ላይ፣ ማለትም በነባሩ አጠማመድ ላይ ስለነበር ተቃውሟቸው እውነት ነበረው። በዚያው በጋ ኤሎስ ዴአትኑ፣ ማለትም «ዴአትኑ ይኑር»፣ የተባለው ቡድን በቼአሬትሱኦሉ ደሴት ድንኳን ተክሎ፣ በደሴቲቱ ዙሪያ አዲሱ ደንብ እንደማይሠራ፣ ለማጥመድ የሚሻ እንግዳም የአካባቢውን የሳሚ ቤተሰቦች መጠየቅ እንዳለበት አወጀ። ጠብ አላነሡም፣ ጦርም አልመዘዙም። በፊንላንድ ወገን ደግሞ ጥቂት ሳሚዎች በተወለዱበት በኦህቼዮህካ ወንዝ መንግሥት የሚጠይቀውን ፈቃድ ሳይገዙ አጠመዱ፤ ተደብቀው ሳይሆን በግልጽ አደረጉት፣ ሕጉ ራሱ ለፍርድ እንዲቀርብ ፈልገዋልና። በ2019 የላፕላንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ አለ። በ2022 በሚያዝያ ወር የፊንላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕገ መንግሥቱን 17ኛ አንቀጽ፣ ይኸውም ሳሚዎች እንደ ነባር ሕዝብ ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ጠብቀው የማሳደግ መብት እንዳላቸው የሚደነግገውን ቃል መሠረት አድርጎ፣ በኦህቼዮህካ ወንዝ ያጠመዱትን ከክሱ ነጻ አወጣ፤ በአያቶቻቸው ወንዝ ማጥመድ የባህላቸው አካል እንደሆነም ፍርዱ አጸና። ግብር የተጻፈባቸው ሰዎች ልጆች መብታቸው ሲጻፍ ያዩበት ቀን ስለሆነ፣ ይህ ፍርድ በዚህ ዜና ሰፊ ቦታ ይገባዋል።

ከዚያ አስቀድሞ በ2021 ዴአትኑ በሁለቱ መንግሥታት ትእዛዝ ለሳልሞን አጥማጆች ሁሉ ተዘግቷል፤ መረቡ ከልክ ያለፈባቸው ዓመታትም አልጠፉም። የሳልሞኑ ማነስ ግን ከአንድ መረብ የመጣ አይደለም፤ ብዙዎቹ ዓሦች በባሕር ውስጥ ይቀራሉ፣ የባሕሩንም ሙቀት ሰው ሁሉ እየለወጠው ነው፤ በ1950ዎቹ ሩሲያውያን ከፓሲፊክ አምጥተው ወደ ነጭ ባሕር አካባቢ ወንዞች መልቀቅ የጀመሩት ሮዝ ሳልሞንም በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት በብዛት ወደ ዴአትኑ ይገባል። ቅጣቱ ግን ከሁሉ ይልቅ የወደቀው በወንዙ ዳር በሚኖሩት ላይ ነው፤ መረብ መዘርጋትና አጥር መትከል በቃል ብቻ አይወረስምና፣ ወንዙ ተዘግቶ በቆየ ቁጥር አባት ለልጁ የሚያስተምርበት በጋ ያልፋል።

ስለዚህ ስለ ወንዙ የሚፈርዱ ሹማምንት ዓሣውን በሚቆጥሩበት መዝገብ ውስጥ የአጥሩን አተካከል የሚያውቁትንም ሰዎች ሊቆጥሩ ይገባል፤ ሳልሞኑ ተመልሶ የሚያጠምደው ጠፍቶ ከሆነ ወንዙ ግማሽ ሀብቱን አጥቷልና። ፈጣሪ ለሳልሞኑ መመለሻውን፣ ለሹማምንቱም ማስተዋልን ይስጥ፤ የዴአትኑ ሰዎች ግን ከሦስት ነገሥታት ዘመን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጅ ታግሠው ቆይተዋል፣ ዛሬም ከወንዛቸው ዳር አልተነሡም።