ሰርሳሪውና የቤቱ ጌታ

እንግሊዞች በገዟት አየርላንድ ቤት ሰርስሮ የተያዘ ሌባ በመርከብ ተጭኖ አውስትራሊያ የሚጋዝበት ዘመን ነበር። ግዞቱ የቆመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ነው። ቅጣቱ ቢከብድም ባሕር የሚሻገረው ሰርሳሪው ነበር። በእኛ አገር ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሰርሳሪው የቤቱን ጌታ አጋዘው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ከተማይቱ ተያዘች። ቀደም ሲል ወሎን ያስተዳደሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በሽሬ ግንባር ተዋግተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱም እንደራሴ ሆነው በምዕራብ ኢትዮጵያ ትግሉን ቀጠሉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ወደ ኢጣልያ ተወስደውም ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ወንጀላቸው ምን ነበር? ቤቴን አላስደፍርም ማለታቸው!

ሐምሌ 18 ቀን 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ተሽሮ ተያዘ። ከሦስት ቀን በኋላ ፖንዛ ደረሰ። ያረፈውም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው! 60ኛ የልደት ቀኑ እዚያው ዋለ።

ይህን የሰማ ሁሉ «የእጁን አገኘ» ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ አጋጣሚ ፍርድ አይደለም። ሙሶሊኒ በ1937 ዓ.ም. የተገደለው በገዛ አገሩ ሰዎች ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ የጠየቀው ዳኛ አልነበረም። ግራዚያኒም ቢሆን በኋላ የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በማበሩ እንጂ እዚህ ባፈሰሰው ደም አይደለም። አየርላንዳዊው ሌባ እንኳ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር።